የትኛውን የማሠልጠኛ ዘዴ እንምረጥ? በድሬዳዋና በሐረር ቡድን ለሚያሠለጥኑ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

አብዛኛው አሠልጣኝ ዝግጅቱን የሚጀምረው ከይዘቱ ነው። ሰነዱን ያነባል፣ ፓወር ፖይንቱን ያዘጋጃል፣ የሚባዛውን ወረቀት ያስባዛል፤ ዘዴው ግን በመጨረሻው ሰዓት የሚወሰን ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ርዕሱ የሕፃናት ጤና ይሁን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ አያያዝ፣ የቀኑ አካሄድ ያው ነው፤ ጠዋት ገለጻ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ «በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ»፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የየቡድኑ ሪፖርት። ከእነዚህ መካከል በራሱ መጥፎ የሆነ የለም። ችግሩ የተመረጡት ለሥራው ስለሚስማሙ ሳይሆን ስለተለመዱ ብቻ መሆኑ ነው።

ከዚህ በታች ዘዴዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ሳነጻጽር የምጠቀመው አንድ መለኪያ ነው። ሠልጣኙ ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ የሚጠበቅበትን ነገር እዚያው አዳራሽ ውስጥ በራሱ አፍና በራሱ እጅ እንዲሞክረው የሚያደርገው ዘዴ የትኛው ነው? አዳራሹ መሟሟቁ፣ ሳቁ መብዛቱ ወይም በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ «በጣም ጥሩ ነበር» ተብሎ መጻፉ ደስ ያሰኛል፤ ይህን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ከዘዴው በፊት፦ ቦታው፣ ሰዓቱና ቋንቋው

ድሬዳዋና ሐረር የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ለአንዱ የወጣ የጊዜ ሰሌዳ ለሌላው አይሆንም። በድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቆች የሚዘጉትና ሰው ከቤቱ የማይወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማራገቢያ ብቻ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከቀኑ 8:00 ላይ የሚሰጥ ገለጻ፣ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ቢዘጋጅበት፣ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ማሰብና ማዳመጥ የሚጠይቀው ሥራ ከጠዋቱ 2:00 እስከ 5:30 ባለው ጊዜ ቢከናወን፣ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ ተነሥተው በእጅ ለሚሠሩት ሥራ ቢተው ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ በርጫ የመቀመጥ ልማድ ያላቸው ተሳታፊዎች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ይህን በቁጣ ለመለወጥ ከመሞከር ይልቅ ጠዋትን አስረዝሞ በ8:30 መጨረስ የተሻለ ውጤት አለው። ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ሰላት በቂ ሰዓት መተው፣ በረመዳን ደግሞ ሥልጠናውን በግማሽ ቀን ማጠናቀቅ ከጅምሩ በሰሌዳው ሊካተቱ ይገባል።

ቋንቋም የዘዴን ምርጫ በቀጥታ ይወስናል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አማርኛን አፉን የፈታበት፣ አፋን ኦሮሞ የሚቀናው፣ በሶማልኛ የሚያስብ፣ በቤቱ ሐረሪ የሚናገር ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አማርኛ መስማት የማይቸግረው ሰው አርባ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን ሊከብደው ይችላል። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ለመላው አዳራሽ እንዲናገር የሚያስገድድ ዘዴ እነዚህን ሰዎች ዝም ያሰኛል፤ በሁለትና በሦስት ሆነው በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩ የሚፈቅድ ዘዴ ግን ያናግራቸዋል። ከዚህ በኋላ በማቀርበው ንጽጽር ሁሉ ለትናንሽ ቡድኖች የማደላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ገለጻ ወይስ የጥንድ ውይይት

ገለጻ ጨርሶ ይቅር የሚለው ምክር ዛሬ በብዛት ይሰማል። ይህ ምክር በከፊል ብቻ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ፣ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንታኔ፣ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች በገለጻ ብቻ የተማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተሳትፎ ከተማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው በ1.5 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ጆን ስዌለርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሥራ፣ ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሰው መፍትሔውን ራሱ ከመፈለግ ይልቅ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ቢያይ ይበልጥ እንደሚማር አረጋግጠዋል። ሁለቱ አይጋጩም። ሠልጣኙ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ከሆነ «እስቲ ተወያዩ» ማለት የሌላቸውን ከሌላቸው እንዲበደሩ ማድረግ ስለሆነ፣ አጭር ገለጻና አንድ የተሠራ ምሳሌ መቅደም አለበት። በሥራው ላይ ዓመታት ያሳለፈ ሠልጣኝ ከሆነ ግን ከውይይት መጀመር ይሻላል፤ የሚያውቀውን ሲነግሩት መስማት ያታክተዋልና።

ገለጻ ሲመረጥም ከ15 ደቂቃ ባይበልጥና በጥያቄ ቢቋረጥ መልካም ነው። ይህን ለማድረግ አመቺ የሆነው ፍራንክ ሊማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው «አስብ፣ ተጣመር፣ አጋራ» የተባለው ዘዴ ነው፤ ተሳታፊው ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ያስባል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ለሦስት ደቂቃ ይነጋገራል፣ ከዚያ ጥቂት ጥንዶች ለሁሉም ያካፍላሉ። ሁላችንም በልማድ የምንዘለው የመጀመሪያውን ደቂቃ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት ግን መልሶቹ ረዝመዋል፣ ሳይጠየቁ የሚመልሱ ተማሪዎችም በዝተዋል። በሁለተኛ ቋንቋው ለሚያስብ ሰው ይህ ዝምታ የበለጠ አስፈላጊ መሆኑን መገመት አያዳግትም። ጥንዶቹንም በአቀማመጥ ብቻ ሳይሆን በቋንቋ መመሥረት፣ አጋሩን የሚመርጠውም ተሳታፊው ራሱ እንዲሆን መተው ይጠቅማል።

የተለመደው የቡድን ውይይት ወይስ ጂግሶው

ስምንት ሰዎች አንድ ፍሊፕ ቻርት ከብበው ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን ያላየ አሠልጣኝ የለም። አንዱ ማርከሩን ይይዛል፣ ሁለቱ ይከራከራሉ፣ የቀሩት ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ ሪፖርቱ ግን «ቡድናችን የተስማማው» በሚል ይጀምራል። ማክስ ሪንገልማን የተባለው ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የገመድ መሳብ ሙከራ፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲስቡ የእያንዳንዱ ድርሻ ብቻውን ከሚስበው ግማሽ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ከፊሉ አለመቀናጀት፣ ከፊሉ ደግሞ «ሌላው ይስባል» ማለት ነው። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት የምናውቀው የ1ለ5 አደረጃጀትም አንዱ ጎበዝ ሠርቶ አምስቱ የሚፈርሙበት በሆነበት ቦታ ሁሉ የታየው ይኸው ነው።

ጂግሶው ይህን የሚያስተካክለው ለእያንዳንዱ ሰው ሌላው የሌለውን ቁራጭ በመስጠት ነው። ዘዴውን ኤሊዮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን፣ ቴክሳስ ያዘጋጀው፣ ትምህርት ቤቶች የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸውን ልጆች በአንድ ክፍል ማስተማር በጀመሩበትና ጠብ በበዛበት ወቅት ነበር። ማንም ያለ ሌላው ሥራውን መጨረስ እንዳይችል አድርጎ ማደራጀት ነበር ዓላማው።

በሐረር ለአስጎብኚዎች የሚሰጥን ሥልጠና እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። 25 ሠልጣኞች ቢኖሩ አምስት አምስት ሆነው አንድ አንድ በር ይከፋፈላሉ፤ በየበራቸው ሄደው መንገዱን፣ አጠገቡ ያለውን ገበያና መስጊድ፣ በሐረሪ የሚጠራበትን ስምና ሽማግሌዎች የሚነግሩትን ታሪክ ይመዘግባሉ። ከዚያ ቡድኖቹ ይበተኑና ከየበሩ አንድ አንድ ሰው ያለባቸው አዲስ አምስት ቡድኖች ይመሠረታሉ። የእነዚህ ሥራ የግማሽ ቀን የጉብኝት መስመር ማውጣት ነው። የኤረር በሩ ሰው ዝም ካለ መስመሩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ስለዚህ ይናገራል፣ ሌሎቹም ይጠይቁታል። በገለጻ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ በዚህ መንገድ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አስጎብኚው ግን በሥራው ላይ የሚፈለግበት መናገርና ማስረዳት ስለሆነ፣ ጊዜው የጠፋው በከንቱ አይደለም።

ጂግሶው የማይሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ተሳታፊ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የሚቀርበት ወይም ዘግይቶ የሚደርስበት ሥልጠና ከሆነ አንድ ሰው ሲጎድል አንድ ቁራጭ ይጎድላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ በየበሩ አንድ ትርፍ ሰው መመደብ ነው። ከዚህ ሌላ፣ አንድ ሰው ተሳስቶ ቢያስረዳ ስሕተቱ ወደ አዲሱ ቡድን ስለሚዛመት፣ የመድኃኒት መጠንን ወይም የሕግ አንቀጽን በመሰለ ጉዳይ ላይ ባልጠቀምበት እመርጣለሁ። በእንደዚህ ያለ ርዕስ የተለመደው ውይይት፣ ቡድኑን ወደ አራት ሰው አሳንሶና ጥያቄውን አንድ ውሳኔ ብቻ እንዲጠይቅ አድርጎ መጠቀም ይበቃል።

ሐሳብን በአፍ ማፍለቅ ወይስ በጽሑፍ መጀመር

«ማንኛውንም ሐሳብ አምጡ፣ አንነቅፍም» የሚለው ዘዴ ከማስታወቂያ ባለሙያው አሌክስ ኦስቦርን የመጣ ሲሆን፣ በየሥልጠናው ስለሚደጋገም ማንም አይጠይቀውም። ይሁንና በዬል ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ ጥናት፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ለየብቻ አስበው ሐሳባቸው ሲደመር በቡድን ሆነው ካፈለቁት እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ዲልና ስትሮብ ዋናው ምክንያት አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን መጠበቁ መሆኑን አመልክተዋል። እኛ ዘንድ ተራ መጠበቁ ይብሳል። በዕድርም ሆነ በሐረሪዎች አፎቻ እንደለመድነው ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ አለቃ በተገኘበት ሥልጠና ደግሞ ሐሳብ ሁሉ ወደ አለቃው ሐሳብ ያዘነብላል።

ስለዚህ በአብዛኛው ሁኔታ የማደላው በጽሑፍ ለሚጀመረው ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ሁሉም በዝምታ በቁራጭ ወረቀት ላይ ስም ሳይጠቅስ ይጽፋል፣ ወረቀቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ውይይቱም ከወረቀቱ ይነሣል። አክብሮቱ አይጎድልም፤ ታላቁም ታናሹም ጽፈዋልና። መጻፍ የማይችሉ ተሳታፊዎች ባሉበት፣ ለምሳሌ ከገበያ በመጡ ቸርቻሪ ሴቶች ሥልጠና ላይ፣ ይህ ዘዴ ይወድቃል። እዚያ በጥንድ አስነጋግሮ የጥንዱን ሐሳብ አንዷ እንድትናገር ማድረግ፣ ምርጫ ሲያስፈልግም በሥዕል የተወከሉ አማራጮች ላይ ባቄላ ወይም ጠጠር እንዲያስቀምጡ ማድረግ የተሻለ ነው። በአፍ የሚደረገውን ጨርሶ መተው ግን አይገባም፤ ቡድኑ ትንሽና የሚተዋወቅ ሲሆን ይፈጥናል፣ ለመጀመሪያው ቀን ማሟሟቂያም ያገለግላል።

ማሳየት፣ የሚና ጨዋታ ወይስ ጉዳይ መስጠት

በዚህ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሦስቱ ዘዴዎች እንደ አማራጭ ይቀርባሉ፤ እንደ እውነቱ ግን የሚያሠለጥኑት የተለያየ ችሎታ ነው። ማሳየትና ማስሞከር ለእጅ፣ የሚና ጨዋታ ለአንደበት፣ ጉዳይ መስጠት ደግሞ ለውሳኔ ነው። በአንድ ርዕስ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ብናያቸው ልዩነታቸው ይገለጣል፤ ርዕሳችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጡት ሕክምና ይሁን።

ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) መበጥበጥ የእጅ ሥራ ነው። የአንዱ ከረጢት ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላም የተረፈው ይደፋል። አሠልጣኙ ፊት ቆሞ ሲበጠብጥ ሁሉም «ገብቶናል» ይላሉ። ነገር ግን በየጠረጴዛው ላይ የግማሽ ሊትር፣ የአንድ ሊትርና የሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲኮች ከአንድ ምልክት ከሌለው ጆግ ጋር ተቀላቅለው ቢቀመጡና «አሁን እናንተ አዘጋጁ» ቢባል፣ ሙሉውን ዱቄት በግማሽ ሊትሩ ውስጥ የሚጨምር ሰው ይገኛል። ያ ፈሳሽ ከሚገባው በላይ ጨው ስለሚበዛበት ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ሌላዋ ደግሞ «እናትየዋ ቤት ያለው የሻይ ብርጭቆ ብቻ ቢሆንስ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ውኃው በብርጭቆ እየተሰፈረ ስንት ብርጭቆ አንድ ሊትር እንደሚሞላ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ይህን ጥያቄ የትኛውም ገለጻ አይወልደውም። ስለዚህ ማሳየት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለማሳያው አንድ እጅ ጊዜ ከተሰጠ ለልምምዱ ሦስት እጅ መስጠት ተገቢ ነው።

እናትን ማሳመን ደግሞ የአንደበት ሥራ ነው። የዚንክ እንክብል ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለሆነው ሕፃን በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ችግሩ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም እናትየዋ መድኃኒቱንም ማቆሟ ነው። ይህን ለማሠልጠን የሚና ጨዋታ ይመረጣል፤ ይሁንና ሁለት ዓይነት የሚና ጨዋታ መኖሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። የተለመደው ሁለት ደፋር ሰዎች ወደ ፊት ወጥተው ሌሎቹ የሚያዩት ነው፤ ሳቅ ይበዛበታል፣ የተለማመዱት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ሁሉም በሦስት በሦስት ሆነው በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ነው፤ አንዷ እናት፣ አንዷ ባለሙያ፣ አንዷ ታዛቢ ትሆናለች። አምስት ደቂቃ ጨዋታ፣ ሦስት ደቂቃ ግብረ መልስ፣ ከዚያ ሚና ይቀያየራሉ፤ 30 ሠልጣኞች ካሉ በ24 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ባለሙያ ሆነው ይሞክራሉ። ታዛቢዋ የምትመለከተው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ ባለሙያዋ ከመናገሯ በፊት ጠየቀች ወይ? እናትየዋ የሰማችውን በራሷ ቃል መልሳ እንድትናገር አደረገች ወይ? ሦስቶቹ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ እንዲያውም ቀበሌያቸው ውስጥ የሚሠሩት በዚያ ቋንቋ ከሆነ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ከተቃራኒ ጾታ ጋር መጫወት የማይፈልግ ካለ ቡድኑን እንዲመርጥ መፍቀድ እንጂ ማስገደድ አይገባም።

ሪፈር ማለት ወይም በጤና ኬላው ማከም የውሳኔ ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚስማማው በግማሽ ገጽ የተጻፈ ጉዳይ ነው። ዓይኑ የሰረጎደ፣ ውኃ ሲሰጡት ተስገብግቦ የሚጠጣ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለስ የ14 ወር ሕፃን አንድ ጉዳይ ነው። የደነዘዘ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ቆዳው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሕፃን ደግሞ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ያለበት ሌላ ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ላይ ለውሳኔው የማያስፈልጉ መረጃዎችም ይግቡ፤ በሥራ ላይ እናት ስትናገር አስፈላጊውን ለይታ አትናገርምና። የቡድኑ ጥያቄ «ስለዚህ ሕፃን ተወያዩ» ሳይሆን «ታክሙታላችሁ ወይስ ትልኩታላችሁ? የወሰናችሁበትን ሁለት ምልክት ጥቀሱ» መሆን አለበት። ሁሉም ቡድኖች መልሳቸውን በአንድ ጊዜ ወረቀት አንሥተው ቢያሳዩ፣ ከአንዱ ቡድን ሪፖርት በኋላ ሌላው «የእኛም ተመሳሳይ ነው» የሚልበት ቀዳዳ ይዘጋል።

ሰው ሲበዛ

ከ50 ሰው በላይ በተሰበሰበበት አዳራሽ ሁለት ዘዴዎች ይነጻጸራሉ። በአሳ ገንዳ ዘዴ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች መሐል ላይ ተቀምጠው ሲወያዩ ሌሎቹ ዙሪያውን ያዳምጣሉ፤ አንድ ባዶ ወንበር ስለሚተው መናገር የፈለገ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ የተጀመረው የወርልድ ካፌ ዘዴ ደግሞ ተሳታፊዎች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ በየጠረጴዛው ያለውን ጥያቄ እንዲያዳብሩ ያደርጋል። ክርክር ያለበትን ጉዳይ ለማየት የመጀመሪያው፣ የብዙ ሰው ልምድ ለመሰብሰብ ሁለተኛው ይሻላል። በድሬዳዋ አዳራሾች ወንበሮቹ በረድፍ ተያይዘው ከተተከሉ ሁለቱም አይሆኑም፤ ያኔ ወደ ጥንድ ውይይት መመለስ ነው።

ስለ ማነቃቂያ ጨዋታዎች አጭር ቃል ይበቃል። ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ዘፈንና ጭብጨባ ለአምስት ደቂቃ ያነቃል። ተሳታፊዎች ተነሥተው ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች እየዞሩ እንዲያነቡ ማድረግ ግን ያነቃልም ያስተምራልም።

ሪካፕ ወይስ ከትዝታ መጻፍ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ፈቃደኛ ተነሥቶ የትናንቱን «ሪካፕ» ያቀርባል። ያ ሰው ማታ ተቀምጦ ስላዘጋጀው ተጠቅሟል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ ወይም እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ያነበቡትን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ቢበልጡም፣ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ከትዝታ ለመጻፍ የሞከሩት ነበሩ። ሥልጠና የሚለካው ከሳምንትና ከወር በኋላ ስለሆነ፣ ሪካፑን በዚህ መተካት ይገባል፤ ማስታወሻ ይዘጋል፣ አምስት ጥያቄ ይሰጣል፣ ሁሉም በየወረቀቱ ለሰባት ደቂቃ ይመልሳል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ያስተያያል፣ ማስታወሻውን ከፍቶም ያርማል። ወረቀቱ ለአሠልጣኙ አይሰጥም፤ ነጥብም አይያዝበትም። አሠልጣኙ የሚጠይቀው «ከግማሽ በላያችሁ የተሳታችሁት የትኛውን ነው?» ብቻ ነው፤ እጅ የወጣበት ጥያቄም የዚያ ጠዋት የመጀመሪያ ርዕስ ይሆናል። ለዚህ ይሆን ዘንድ በሰሌዳው ላይ ከ2:00 እስከ 2:45 ያለውን ጊዜ አስቀድሞ ባዶ ትቶ መምጣት ያስፈልጋል።